ባኽ ዲጂታልና «ኦል ኦቭ ባኽ»፦ የሳምንቱ ካንታታ ከቀለሙ እስከ ድምፁ

ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። የባሮክ ሙዚቃ፣ ማለትም ከ1600 እስከ 1750 አካባቢ ያለው የአውሮፓ ሙዚቃ፣ እንዴት ባለ ሥራ እንደተሠራ ማየት ለሚፈልግ ሰው የጀርመናዊውን ደራሲ የዮሐን ሴባስቲያን ባኽን የእጅ ጽሑፎች ከሚያሳየው ድረ ገጽ፣ ከባኽ ዲጂታል፣ የተሻለ ነፃ አገልግሎት የለም። መስማት ለሚፈልግ ደግሞ የቪዲዮ ድረ ገጹን «ኦል ኦቭ ባኽ»ን የሚያህል አይገኝም። ሁለቱም ገንዘብ አይጠይቁም፤ ለማየትም ሆነ ለመስማት ምዝገባ አያስፈልግም። ችግሩ የመጀመሪያው ለተመራማሪ ተብሎ የተሠራ መሆኑ ነው፤ አጠቃቀሙን ሳያውቅ የገባ ሰው አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ተሰላችቶ ይወጣል። ስለዚህ የዚህ ግምገማ ግማሹ የአጠቃቀም መመሪያ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ባኽ ዲጂታልን በጋራ የሚያስተዳድሩት የላይፕዚጉ የባኽ ቤተ መዛግብት፣ የበርሊኑ የመንግሥት ቤተ መጻሕፍት፣ የድሬስደኑ የሳክሶኒ ቤተ መጻሕፍትና የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። በየቦታው ተበትኖ የቀረውን የእጅ ጽሑፍ ፎቶ አንሥተው በአንድ መዝገብ ሰብስበውታል። የፎቶዎቹ ጥራት አያሳማም። አንዱን ገጽ ስታጎሉት፣ ብዕሩ ቀለም ጨርሶ የደበዘዘበትና እንደገና ተነክሮ የወፈረበት ቦታ ሳይቀር ይታያል።

መግቢያው ሁለት በር አለው፤ አንዱ «ሥራዎች»፣ ሌላው «ምንጮች» ይላል። በሥራዎች በኩል ገብታችሁ የካታሎግ ቁጥሩን፣ ማለትም ቢደብልዩቪውን ጻፉ። ቁጥሩ የዘመን ቅደም ተከተል እንዳይመስላችሁ። ቢደብልዩቪ 1 የባኽ የመጀመሪያ ድርሰት ሳይሆን መጋቢት 1725፣ አርባ ዓመት በሞላው ሰሞን ያቀረበው ካንታታ፣ ማለትም ዘማሪዎችና መሣሪያዎች አብረው የሚያቀርቡት የዝማሬ ሥራ፣ ነው። በ1950 የወጣው ካታሎግ ሥራዎቹን የደረደረው በዓይነታቸው ስለሆነ ካንታታዎቹ ከ1 ይጀምራሉ፤ የኦርጋኑ ከ525፣ የሃርፕሲኮርዱና (ከፒያኖ በፊት የነበረ ባለ ቁልፍ መሣሪያ ነው) የመሰሎቹ ከ772፣ የብቻ ቫዮሊኑ ከ1001።

የሥራው ገጽ ሲከፈት የምንጮች፣ ማለትም ሥራው የተጻፈባቸው ወረቀቶች፣ ዝርዝር ታገኛላችሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለታወቀ ሥራ ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ አብዛኛውም ባኽ ከሞተ በኋላ፣ አንዳንዱም በ19ኛው መቶ ዓመት የተገለበጠ ነው። ከላይ ያለውን ዝም ብሎ የከፈተ ሰው ባኽን ያየ መስሎት የማያውቀውን ገልባጭ ጽሕፈት ሲመረምር ያመሻል። ባኽ ራሱ የጻፈውን የምትፈልጉ ከሆነ «አውቶግራፍ» የሚለውን፣ በእርሱ ዘመን ለዘማሪና ለተጫዋች የተዘጋጀውን ከሆነ «ኦሪጊናልሽቲመን» የሚለውን ፈልጉ። በበርሊን ስብስብ ውስጥ «ፒ» የሚል ፊደል ያለው ሙሉ ኖታ ነው፤ «ኤስቲ» የሚለው ለእያንዳንዱ ተጫዋች ለብቻ የተጻፈ ኖታ ነው። ላይፕዚግ ያሉት የካንታታ ኖታዎች «ቶማና» በሚል ስም ይጠራሉ፤ ባኽ በ1750 ሲሞት ባለቤቱ አና ማግዳሌና ለቶማስ ትምህርት ቤት ያስረከበቻቸው ናቸው።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚከፍተው ሙሉ ኖታውን ነው። ምክራችን ግን በየተጫዋቹ ኖታ ጀምሩ የሚል ነው። ሙሉው ኖታ ባኽ ያሰበውን ያሳያል፤ የየተጫዋቹ ኖታ ደግሞ እሑድ ጠዋት የተደረገውን።

ሳምንቱ ይህን ይመስል ነበር። ባኽ በግንቦት 1723 ላይፕዚግ ሲገባ በየእሑዱና በየበዓሉ አንድ ካንታታ ማቅረብ የሥራው ግዴታ ሆነ። ካንታታው ሃያ ደቂቃ አካባቢ ይፈጃል፤ የሚዘመረው ከወንጌል ንባብ በኋላ፣ ከስብከቱ በፊት ነው። አምልኮው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ይጀመራል፤ ተራው ሳምንቱን እየተቀያየረ አንዴ በኒኮላስ፣ አንዴ በቶማስ ቤተ ክርስቲያን ይውላል። በውሉ ላይ ሙዚቃው እንዳይረዝምና ኦፔራ እንዳይመስል ፈርሟል፤ ያለ ከንቲባው ፈቃድ ከከተማ እንዳይወጣም እንዲሁ። ከገና በፊት ባሉት የአድቬንት እሑዶች፣ ከመጀመሪያው በቀር፣ እንዲሁም በዐቢይ ጾም፣ ከብስራት በዓል በቀር፣ ካንታታ አይቀርብም። በሁዳዴ ከበሮና ጸናጽል ሲያርፉ ላየ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ለባኽ ግን ዕረፍት አልነበረም፤ ለስቅለትና ለፋሲካ የሚሆነውን ረጅም ሥራ የሚያደርሰው በዚያ ጊዜ ነው።

ባኽ ሙሉውን ኖታ ሲጨርስ ዋናው ገልባጭ ተቀብሎ ከእያንዳንዱ ድምፅና መሣሪያ አንድ አንድ ኖታ ያወጣል። ገልባጮቹ የትምህርት ቤቱ ልጆች፣ ባለቤቱና የራሱ ልጆች ናቸው። ቀጥሎ ሌሎች እጆች ለመጀመሪያው ቫዮሊን፣ ለሁለተኛው ቫዮሊንና ለባሱ ተጨማሪ ቅጂ ይሠራሉ፤ የሚገለብጡት ግን ከሙሉው ኖታ ሳይሆን አሁን ከወጣው ቅጂ ነው። ይህ ልብ ሊባል ይገባል። የመጀመሪያው ገልባጭ የሳተውን ሁለተኛው ይወርሳል፤ የራሱንም ስሕተት ይጨምርበታል። በመጨረሻ ባኽ ሁሉንም ተቀብሎ ያርማል፣ የድምፅ መጠንና የአጨዋወት ምልክት ያስገባል፣ ከባስ መስመሩ በላይ የሚጻፉትን የኮርድ ቁጥሮች ይሞላል። ጊዜ ሲያጥረው የማያርማቸው ነበሩ፤ ያልታረመ ስሕተት ዛሬም በገጹ ላይ ተቀምጦ ይታያል።

ይህን ለማየት ቶማና 140ን ክፈቱ፤ የካንታታ 140 ኖታዎች ናቸው። ባኽ የጻፈው ሙሉ ኖታ ጠፍቷል፤ ሥራው ለእኛ የደረሰው በእነዚህ ወረቀቶች ነው። የተዘጋጀው ኅዳር 25 ቀን 1731 ለዋለው፣ ከሥላሴ በዓል በኋላ 27ኛ ለሆነው እሑድ ነው። ይህ እሑድ የሚኖረው ፋሲካ በጣም ሲቀድም ብቻ ነው፤ ባኽ ላይፕዚግ በኖረባቸው 27 ዓመታት የመጣው በ1731ና በ1742 ሁለት ጊዜ ነው። በ1724 የጀመረው የመዝሙር ካንታታዎች (በቤተ ክርስቲያን መዝሙር ላይ የተመሠረቱ) ዙር ይህ እሑድ ስላልነበረው ቀዳዳ ቀርቶበት ነበር፤ ሰባት ዓመት ቆይቶ ደፈነው። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሰው የበዓላት መውጣትና መውረድ ለአገልጋዩ ምን ያህል ሥራ እንደሚፈጥር ይገባዋል።

ከወረቀቶቹ ውስጥ የቫዮሊኖ ፒኮሎውን ለዩ። ከተለመደው ቫዮሊን ያነሰ፣ አውታሩም በአንድ ትንሽ ሦስተኛ (በሦስት ግማሽ ድምፅ) ከፍ ተደርጎ የተቃኘ መሣሪያ ነው። ካንታታው በኢ ፍላት ሲሆን የእርሱ ኖታ የተጻፈው በሲ ሜጀር ነው። ተጫዋቹ የለመደውን የጣት አቀማመጥ ይይዛል፤ መሣሪያው ድምፁን ወደ ትክክለኛው ቦታ ያወጣዋል። ይህን ሳታውቁ ከመጀመሪያው ቫዮሊን ኖታ ጋር ስታስተያዩት ገልባጩ የተሳሳተ ይመስላችኋል።

የኦርጋኑ ነገርም እንደዚያው ነው። በላይፕዚግ አብያተ ክርስቲያናት ኦርጋኖቹ ከሌሎቹ መሣሪያዎች በአንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ ብለው የተቃኙ ነበሩ። ክራር እንደ ዘፋኙ ድምፅ ይቃኛል፤ የኦርጋን ቧንቧ ግን ለአንድ እሑድ ተብሎ አይቆረጥም። ስለዚህ የሚለወጠው ወረቀቱ ነው። ካንታታው በኢ ፍላት ከሆነ ለኦርጋኒስቱ የሚሰጠው ኖታ በዲ ፍላት ይጻፋል። ከባስ ኖታዎቹ አንዱ በአንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ብሎ፣ በላዩ ላይ ቁጥሮች ታጭቀውበት ካገኛችሁት የኦርጋኑ እርሱ ነው። ቁጥር የሌለበት ለቼሎ ወይም ለመሰል መሣሪያ ነው።

የዘማሪዎቹን ኖታ ስትከፍቱ ሶፕራኖው በለመዳችሁት በጂ ክሌፍ (በመስመሩ መጀመሪያ ላይ ድምፁን የሚለይ ምልክት) አይደለም። የሲ ክሌፍ ከታች በመጀመሪያው መስመር ላይ ተቀምጦ ታያላችሁ፤ ለአልቶ በሦስተኛው፣ ለቴነር በአራተኛው መስመር ላይ ነው። ክሌፉ የተቀመጠበት መስመር መካከለኛው «ዶ» ነው፤ ከዚያ ተነሥታችሁ ቁጠሩ። በየመስመሩ መጨረሻ ያለችው ትንሽ ጠመዝማዛ ምልክት ደግሞ ኖታ አይደለችም፤ የሚቀጥለው መስመር በየትኛው ድምፅ እንደሚጀምር ለዓይን አስቀድማ ትጠቁማለች።

ለእያንዳንዱ ድምፅ የቀረው ኖታ ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ መሆኑ ትልቅ ክርክር አስነሥቷል። የሙዚቃ ተመራማሪው ጆሽዋ ሪፍኪን በ1981 «አንድ ኖታ ማለት አንድ ዘማሪ ማለት ነው» ብሎ ተነሣ፤ ሌሎች ሁለትና ሦስት ሰው በአንድ ወረቀት ይዘምር ነበር ይላሉ። ባኽ በነሐሴ 1730 ለከተማው ምክር ቤት ባስገባው ማመልከቻ ለአንድ ኳየር ቢያንስ 12 ዘማሪ፣ ቢቻል 16 ያስፈልጋል ብሏል። በዚያው ላይ ልጆቹን ይቆጥራቸዋል፦ 17ቱ የሚረቡ፣ 20ው ገና የሚቀራቸው፣ 17ቱ የማይረቡ። የምክር ቤት አባል ሆኖ ይህን ማንበብ ደስ አይልም።

የሥራ ገጾቹ የኑሮውን ነገር ስለማይነግሯችሁ አንድ ቁጥር እንጨምር። በዚያው ዓመት ለወዳጁ ለኤርድማን በጻፈው ደብዳቤ ገቢውን 700 ታለር አካባቢ ያደርሰዋል። ስሙ ከእኛ ከማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ጋር አንድ መሆኑን ልብ በሉ። አብዛኛው ግን ቋሚ ደመወዝ አልነበረም፤ ከሠርግና ከቀብር የሚገኝ ነበር። አየሩ ተስማሚ ሆኖ ሰው ሳይሞት ስለቀረ ባለፈው ዓመት ከቀብር ገቢ ከ100 ታለር በላይ ጎደለብኝ ብሎ ያማርራል።

ወደ ሙሉው ኖታ ስትመጡ ሁለት ዓይነት እንዳለ እወቁ። አንዱ ተጣርቶ የተገለበጠ ነው፤ ምሳሌው ፒ 25፣ በ1736 የተጻፈው የማቴዎስ ሕማማት ነው። የወንጌሉ ቃል በቀይ ቀለም ተጽፏል፤ የተጎዳውን ወረቀትም ባኽ ራሱ ቁራጭ እየለጠፈ ጠግኖታል። ለማየት ከዚህ የሚያምር የለም። ለመማር ግን ሁለተኛው፣ እያሰበ የጻፈው፣ ይሻላል። ስርዝ ድልዙ ብዙ ነው፤ የመስመሮቹ ክፍፍል ወጣ ገባ ይላል። ፊዩግ (ድምፆች አንድ ጭብጥ በየተራ የሚቀባበሉበት ድርሰት) ላይ ጭብጡን የያዘው ድምፅ አስቀድሞ ተጽፎ፣ የቀሩት በኋላ ባገኙት ክፍተት እንደተሞሉ ከቦታው ጥበት ይታወቃል። አንዳንዱ ገጽ ግርጌ ላይ ከላይ ካለው ሙዚቃ ጋር የማይገናኝ አጭር መስመር ታገኛላችሁ። ገጹ ለመገለበጥ ቀለሙ መድረቅ አለበት፤ እስኪደርቅ ሐሳቡ እንዳይጠፋበት የሚቀጥለውን ገጽ መጀመሪያ እዚያው ይጭረዋል። ተገልብጣችሁ ስታዩ ያው መስመር፣ አንዳንዴም ተሻሽሎ፣ ይጠብቃችኋል። እርማት በዝቶበት የማይነበብ ኖታ ሲኖር ደግሞ አጠገቡ የድምፁን ስም በፊደል ይጽፋል። ጀርመኖች «ቢ» የሚሉት እኛ ቢ ፍላት የምንለውን ነው፤ ንጹሑን ቢ «ኤች» ይሉታል። ይህን ካላወቃችሁ ትሳሳታላችሁ።

በገጹ ላይ ቡናማ ጥላ ወይም ቀዳዳ ካያችሁ ፎቶው አይደለም ጥፋቱ። ቀለሙ ከብረት ጨውና ከዛፍ እባጭ የተሠራ ስለሆነ በዘመን ብዛት ወረቀቱን ይበላዋል፤ ጥቅጥቅ ያለ ኖታ ባለበት ቦታ ጉዳቱ ይከፋል፣ የጀርባው ጽሑፍም ወደ ፊት ይወጣል።

የባኽ ዲጂታል ጉድለቶች እነዚህ ናቸው። ገጹ በእንግሊዝኛም ቢከፈት የምንጮቹ መግለጫ ብዙው ጀርመንኛ ነው። «ሽራይበር» ጸሐፊው ነው፤ «ቫሰርጻይኸን» ወረቀቱን ወደ ብርሃን ሲያነሡት የሚታየው የፋብሪካ ምልክት ነው፣ ዘመኑን ለማወቅ ይጠቅማል፤ «ፈርሾለን» ካለ የገባበት አይታወቅም ማለት ነው፣ በከንቱ አትድከሙ። ሁሉም ምንጭ ፎቶ የለውም። በስልክም ይሠራል፤ ግን አሥራ ምናምን መስመር የተደራረበበትን ገጽ በስልክ ማንበብ ዓይን መጉዳት ነው፣ ኮምፒዩተር ፈልጉ። በጣቢያው ሊሳበብ የማይችል ጉድለትም አለ፦ ከሞቱ በኋላ የወጣው የሕይወት ታሪክ አምስት ዓመት ሙሉ የሚበቃ ካንታታ እንደጻፈ ይናገራል፤ የቤተ ክርስቲያን ካንታታ ዛሬ በእጅ ያለው ሁለት መቶ አካባቢ ነው።

«ኦል ኦቭ ባኽ» ከዚህ ሁሉ ድካም ነፃ ነው። በ1921 የተቋቋመው የኔዘርላንድስ የባኽ ማኅበር በ2014 የጀመረው ሲሆን ሐሳቡ የባኽን ሥራ አንድ በአንድ በቪዲዮ ቀርጾ በነፃ ማቅረብ ነው። በቁጥር፣ በመሣሪያ፣ በዓይነት መፈለግ ይቻላል። ከቪዲዮው ጋር የተጫዋቾቹ ዝርዝር፣ አጭር ማብራሪያ፣ ለዝማሬ ሥራዎችም ግጥሙና ትርጉሙ ይቀርባል። በዩቲዩብም አለ፤ ዳታ የሚቆጥብ ሰው የምስሉን ጥራት ዝቅ አድርጎ ድምፁን ቢያዳምጥ ብዙ አይጎዳም። ለመነሻ ዣን ሮንዶ በሃርፕሲኮርድ የሚጫወተውን የጎልድበርግ ቫርዬሽንስ ስሙ። ቀጥሎ ስድስተኛውን የቼሎ ስዊት፣ ቢደብልዩቪ 1012ን። ሰርጌይ ማሎቭ የሚጫወተው በትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ እንደ ቫዮሊን በሚያዝ ትንሽ ቼሎ ነው። ሥራው ለአምስት አውታር የተጻፈ ስለሆነ በተለመደው ቼሎ የሚጫወት ሰው የሚሠቃይበት ከፍተኛ ቦታ በዚህ መሣሪያ እንዴት እንደሚቀል ጣቱን አይታችሁ ታረጋግጣላችሁ።

አብሮ መጫወት ለሚፈልግ አንድ ማስጠንቀቂያ። አብዛኛው ቀረጻ በኤ 415 (የ«ኤ» ድምፅ በሴኮንድ 415 ንዝረት) ነው፤ ከዛሬው 440 በግማሽ ድምፅ ይወርዳል። ኪቦርዳችሁ ላይ ትራንስፖዙን አንድ ዝቅ አድርጉት። የቆየ ኦርጋን ከሆነ ተቃራኒው ሊያጋጥም ይችላል፤ ወደ 465 የሚጠጋ ብዙ ስላለ አንድ ከፍ አድርጋችሁ ሞክሩ። ሁለቱም ካልገጠመ ማስተካከያው የቱኒንግ ቅንብሩ ውስጥ ነው እንጂ ትራንስፖዙ ላይ አይደለም።

የምንነቅፈው ሁለት ነገር ነው። ከቪዲዮው አጠገብ ኖታ የለም፤ ሌላ መስኮት መክፈት ግድ ነው። ስሙ «ሁሉም» ቢልም ሥራው እየተጨመረ የሚሄድ ስለሆነ የምትፈልጉት ቁጥር ላይኖር ይችላል።

ለሚታተም ኖታ ሦስተኛው አገልግሎት የኖታ ቤተ መጻሕፍት የሆነው ድረ ገጽ አይኤምኤስኤልፒ ነው። ከ1851 እስከ 1899 የታተመው የባኽ ማኅበር እትም በሙሉ እዚያ በነፃ ይገኛል፤ ያልተመዘገበ ሰው ፋይሉ እስኪከፈት ጥቂት ሴኮንድ ይጠብቃል። እትሙ ለዘመኑ ድንቅ ነው፤ ነገር ግን በኋላ የተገኙ ምንጮችን አያውቅም። ከ1954 ጀምሮ የወጣው አዲሱ እትም ብዙውን ቦታ አርሞታል፤ እርሱ ግን በገንዘብ ነው። አጠራጣሪ ኖታ ሲያጋጥማችሁ ፍርዱን ለባኽ ዲጂታል ፎቶ ስጡ። ፒያኖ የጀመረ ልጅ ሁሉ የሚጫወታት የጂ ሜጀር ሚኑዌት፣ በካታሎጉ አባሪ ቁጥር 114፣ በብዙ የመማሪያ መጽሐፍ አሁንም በባኽ ስም ትታተማለች፤ የክርስቲያን ፔትሶልድ ናት። ባኽ ዲጂታል ይህን ዓይነቱን ነገር በግልጽ ይጽፋል።

ከባኽ ውጭ ያለውን የባሮክ ዘመን የሚፈልግ በዚህ አገልግሎት አይጠቀምም። ከ1400 በላይ ካንታታ የጻፈው የባኽ ዘመን ደራሲ ግራውፕነር፣ ላይፕዚግ ከባኽ አስቀድሞ ለዚያው ሥራ የመረጠው፣ ጌታው፣ የዳርምሽታት ገዥ፣ ግን ደመወዝ ጨምሮ ያስቀረው፣ ወረቀቶቹ ያሉት ዳርምሽታት ነው።

140ን ሰምታችሁ ስትጨርሱ ባኽ ራሱ ለኦርጋን ወደ ለወጠው፣ ወደ ቢደብልዩቪ 645፣ እለፉ። ቫዮሊኖቹና ቪዮላው በአንድነት ተጫውተውት የነበረው የአራተኛው ክፍል ዜማ በኦርጋን ወደ ቀኝ እጅ ተዛውሯል፤ የቴነሩ መዝሙር ወደ ግራ እጅ፣ ባሱ ወደ እግር። ለአንድ እሑድ የተሠራው ሙዚቃ ከ15 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ሹብለር በጸላ ከተማ ቀርጾ ባሳተመው መጽሐፍ ለሽያጭ ወጣ።